በመፀው አትክልት ሥፍራ፦ ቶሩ ታኬሚትሱ ለጃፓን ቤተ መንግሥት ሙዚቃ የሰጠው መልስ

በ1973 ጥቅምት ወር መጨረሻ፣ ቶኪዮ ውስጥ ከንጉሠ ነገሥቱ ግቢ የውኃ ጉድብ ማዶ በሚገኘው የጃፓን ብሔራዊ ቴአትር፣ 17 የቤተ መንግሥት ሙዚቀኞች ከዚያ ቀን በፊት በሕዝብ ፊት ያልተሰማ ሥራ አቀረቡ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በእጃቸው የያዟቸው መሣሪያዎች ከሺህ ዓመት በፊት በዚያው አገር ቤተ መንግሥት ይሰሙ የነበሩ ዓይነቶች ናቸው፤ የተጫወቱት ኖታ ግን የ43 ዓመቱ የሙዚቃ ደራሲ ቶሩ ታኬሚትሱ የጻፈው ነበር። የሥራው ስም «ሹቴይጋ» ሲሆን ትርጉሙም «የመፀው አትክልት ሥፍራ ዜማ» እንደ ማለት ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ያንን አንድ ትእዛዝ ነው። ቴአትሩ ምን ፈልጎ አዘዘ፣ ደራሲው ምን ችግር ገጠመው፣ ምን ወሰነ፣ ውሳኔውስ የት አደረሰው የሚሉትን በየተራ እናያለን። የጸሐፊው እምነት ከወዲሁ ይገለጽ ከተባለ፣ ታኬሚትሱ ከጥንታዊው ሙዚቃ የወሰደው ዜማውን ሳይሆን ትንፋሹንና በቦታ ውስጥ ያለውን አቀማመጥ ነው፤ ሥራው ከእሱ በፊት ከተሞከሩት ብዙዎቹ የተለየውም በዚህ ምክንያት ነው።

የታዘዘለት ሙዚቃ

ጋጋኩ ማለት በጥሬው «የተዋበና የታረመ ሙዚቃ» ማለት ነው። ከ5ኛው እስከ 9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ከቻይና፣ ከኮሪያ ልሳነ ምድርና ከሌሎች የእስያ አገሮች ወደ ጃፓን የገቡ ሙዚቃዎችና ውዝዋዜዎች ከአገሬው መዝሙር ጋር ተሰባስበው የቤተ መንግሥትና የቤተ መቅደስ ሥርዓት የሆኑበት ነው። በ701 በወጣው ሕግ ቤተ መንግሥቱ የራሱ የሙዚቃ መሥሪያ ቤት እንዲኖረው ተደነገገ፤ በ752 ናራ ከተማ ውስጥ የቶዳይጂ ቤተ መቅደስ ታላቁ የቡድሃ ሐውልት የተመረቀበት፣ «ዓይኑ የተከፈተበት» የሚባለው በዓል ሲከበርም ከየአገሩ የመጡ ሙዚቃዎች ተጫውተዋል። ከዚያ በኋላ ጥበቡን ከአባት ወደ ልጅ የሚያወርሱ ቤተሰቦች በኪዮቶ፣ በናራና በኦሳካ ይዘውት ቆዩ። የሜይጂ መንግሥት ዋና ከተማውን ወደ ቶኪዮ ካዛወረ በኋላ በ1870 ከሦስቱም ከተሞች የመጡት ሙዚቀኞች በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር ተሰባሰቡ።

ለጉዳያችን ወሳኝ የሆነው ነገር የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ አጨዋወት ስለነበረው አንድ የጋራ መጽሐፍ ማስፈለጉ አልቀረም፤ በ1876 እና በ1888 የተዘጋጁት የተመረጡ ኖታዎች የትኞቹ ዜማዎች በምን ዓይነት አጨዋወት እንደሚቀጥሉ ወሰኑ። ሙዚቃው ከመጥፋት ተረፈ፤ ነገር ግን በዚያው ልክ ተዘጋ። ከመጽሐፉ ውጭ ያለው ቀስ በቀስ ተረሳ፣ ወደ መጽሐፉ የሚጨመርም አልተገኘም። ከ1870ዎቹ ጀምሮ እነዚሁ ሙዚቀኞች የምዕራባውያንን መሣሪያ ጭምር እንዲማሩ ተደረገ፤ ያው ሰው ጠዋት የጥንቱን ዋሽንት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቫዮሊን ይይዝ ነበር። ይህ ልማድ ከመቶ ዓመት በኋላ ለታኬሚትሱ ትልቅ ጥቅም እንደሚሰጥ ያን ጊዜ ማንም አላሰበም፤ በዘመናዊ ኖታ የተጻፈ ሥራ ቢቀርብላቸው ማንበብ የሚችሉ የጋጋኩ ሙዚቀኞች ዝግጁ ሆነው ጠበቁት።

ስለ መሣሪያዎቹም ትንሽ መዘርዘር ያስፈልጋል፤ አለዚያ የደራሲው ውሳኔዎች አይገቡንም። ሾ የሚባለው የአፍ ኦርጋን 17 ቀጫጭን የቀርከሃ ቱቦዎች አሉት፤ ከእነዚህ የሚጮኹት 15ቱ ብቻ ናቸው። ተጫዋቹ ወደ ውስጥ ሲስብም ወደ ውጭ ሲተነፍስም ድምፅ ስለሚሰጥ ድምፁ ሳይቋረጥ ሊፈስ ይችላል። የትንፋሽ እርጥበት የውስጡን የነሐስ ምላሶች ስለሚያበላሽ ተጫዋቹ ከመጫወቱ በፊትና በየመካከሉ መሣሪያውን እሳት ላይ እያዞረ ያሞቀዋል። ሾ በልማዱ ዜማ አይመራም፤ አምስት ወይም ስድስት ድምፆችን በአንድ ጊዜ ይዞ 11 የታወቁ ኅብረ ድምፆችን እየለዋወጠ ከሌሎቹ በላይ እንደ ብርሃን ያንዣብባል። ሂቺሪኪ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ የሚረዝም፣ ድርብ የሸምበቆ ምላስ ያለው መሣሪያ ሲሆን በመጠኑ የማይገመት ኃይለኛ ድምፅ አለው፤ ዜማውን የሚሸከመውም እሱ ነው። ሪዩቴኪ የተባለው የቀርከሃ ዋሽንት በሁለቱ መካከል ይመላለሳል። ጃፓኖች ሾ የሰማይ ብርሃን፣ ሂቺሪኪ በምድር ያሉ ሰዎች ድምፅ፣ ሪዩቴኪ ደግሞ በሰማይና በምድር መካከል የሚበር ዘንዶ ነው ይላሉ። ከእነዚህ ጋር ባለአራት አውታሩ ቢዋ፣ ባለ13 አውታሩ ኮቶ፣ ትልቁ ከበሮ ታይኮ፣ የነሐሱ ሾኮና አካሄዱን የሚመራው ትንሹ ከበሮ ካኮ አሉ። በዱላ የሚመራ ሰው የለም፤ ሁሉም አብረው ይተነፍሳሉ።

ከእሱ በፊት የተሞከረው

ብሔራዊ ቴአትሩ የተከፈተው በ1966 ነው። የተከፈተውም የአገሪቱን ባህላዊ ጥበቦች ለመጠበቅ ቢሆንም፣ ጋጋኩን በሚመለከት ከመጠበቅ አልፎ አዲስ ሥራ ማዘዝ ጀመረ። በ1970 የመጀመሪያውን ትእዛዝ የተቀበለው ቶሺሮ ማዩዙሚ ነበር፤ «ሾዋ ቴንፒዮራኩ» የተባለ ሥራ ጻፈ። ሁለተኛው ታኬሚትሱ ነው።

ከዚያ በፊት የጃፓን የሙዚቃ ደራሲዎች ጋጋኩን የሚቀርቡት በአብዛኛው ከውጭ ነበር። ሂዴማሮ ኮኖዬ በ1931 «ኤቴንራኩ» የተባለውን ዝነኛ የቤተ መንግሥት ዜማ ለምዕራባዊ ኦርኬስትራ አዘጋጀው። ከመሳፍንት ቤተሰብ የተወለደው ዮሪትሱኔ ማትሱዳይራም በ1951 በዚሁ ዜማ ላይ ለፒያኖና ለኦርኬስትራ ልውጠቶችን ጽፎ፣ ሥራው በማግሥቱ ዓመት ሳልዝቡርግ ላይ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የዘመናዊ ሙዚቃ ፌስቲቫል ተመርጦ ቀረበ። ማዩዙሚ ራሱ በ1962 የቤተ መንግሥቱን ውዝዋዜ መነሻ አድርጎ ለኒው ዮርክ የባሌ ቡድን የኦርኬስትራ ሙዚቃ ደርሷል። እነዚህ ቁም ነገር ያላቸው ሥራዎች ናቸው፤ የማትሱዳይራ በተለይ ከሚገባው ያነሰ ነው የሚሰማው። ሆኖም በሁሉም ውስጥ ጥንታዊው ሙዚቃ እንደ ጥሬ ዕቃ ተወስዶ ወደ ሌላ ቤት ገብቷል፤ ቫዮሊኖች የሾን ድምፅ ያስመስላሉ፣ ኦቦ የተባለው የምዕራባውያን የትንፋሽ መሣሪያ የሂቺሪኪን ቦታ ይይዛል። የብሔራዊ ቴአትሩ ጥያቄ ከዚህ የተለየና የከበደ ነበር፦ ጋጋኩ በራሱ መሣሪያ፣ በራሱ ሰዎች፣ በራሱ ቤት ውስጥ አዲስ ነገር ሊናገር ይችላል ወይ?

ወደ ጥያቄው የመጣው ሰው

ታኬሚትሱ ለዚህ ሥራ የሚጠበቅ ሰው አልነበረም። በ1930 ቶኪዮ ተወልዶ ወዲያው ወደ ማንቹሪያ ተወሰደና እስከ 1938 ያደገው ዳልያን ከተማ ነው። በ1944 የ14 ዓመት ልጅ ሳለ ለጦርነቱ የጉልበት ሥራ በተራራ ላይ ወደ ተሠራ የጦር ሠፈር ተላከ። የምዕራባውያን ሙዚቃ በተከለከለበት በዚያ ጊዜ አንድ መኮንን በእጅ በሚሽከረከር ግራሞፎን የፈረንሳይኛ ዘፈን አሰማቸው፤ ልጁ ሙዚቃ የሚባለው ነገር ይህ ነው ብሎ ልቡን የሰጠውም ያን ጊዜ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በአሜሪካ ጦር ሠፈር እየሠራ በሠፈሩ ራዲዮ የሚሰማውን ሙዚቃ አጠና። ለአጭር ጊዜ ያሱጂ ኪዮሴ ከተባለው ደራሲ ጋር ከመማሩ በቀር ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ነው።

የአገሩ ጥንታዊ ሙዚቃስ? ለረጅም ጊዜ ሸሸው። የጃፓን ባህል የሚባለው ሁሉ የጦርነቱን መራራ ትዝታ እንደሚቀሰቅስበት ራሱ በግልጽ ተናግሯል፤ በልጅነቱ የሰማው «ያገር ልማድ» የሚለው ቃል ወታደራዊ ትእዛዝ ይዞ ነው የመጣው። የመለሰው ከሁለት አቅጣጫ የመጣ ነገር ነበር። አንደኛው የቡንራኩ አሻንጉሊት ቴአትር ውስጥ የሚጫወተውን ሻሚሴን የተባለ ባለሦስት አውታር መሣሪያ ድምፅ መስማቱ፣ ሁለተኛው ደግሞ አሜሪካዊው ደራሲ ጆን ኬጅ ነው፤ ታኬሚትሱ የራሱን ባህል ዋጋ እንዲያይ ስላደረገው ኬጅን እስከ ዕድሜው መጨረሻ ድረስ አመስግኖታል። ሰው የገዛ ቤቱን በር ሲከፍት ቁልፉን የሚያቀብለው እንግዳ መሆኑ አስገራሚ ነው፤ የዚህ ሰው ታሪክ ግን እንዲሁ ነው።

በ1962 በቤተ መንግሥቱ ጋጋኩ ሰማ። ያን ጊዜ የጻፈው ማስታወሻ የአሥር ዓመት ኋላውን ሥራ አስቀድሞ ይነግረናል። ሌላው ሙዚቃ እንደ መንገድ ወደ ፊት ሲጓዝ፣ የሾ ድምፅ ግን እንደ ረጅም ዛፍ ወደ ሰማይ ሲወጣ ተሰማው። ስለ ዜማ አንድም ቃል የለም፤ የነካው የድምፁ አቋም ነው።

ከዚያ በኋላ በ1966 ለቢዋና ሻኩሃቺ ለተባለው የቀርከሃ ዋሽንት «ኢክሊፕስ»ን ደረሰ። በ1967 ደግሞ የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ 125ኛ ዓመቱን ሲያከብር ያዘዘውን «ኖቬምበር ስቴፕስ» ጻፈ፤ በሴይጂ ኦዛዋ መሪነት የቢዋ ተጫዋቿ ኪንሺ ትሱሩታና የሻኩሃቺ ተጫዋቹ ካትሱያ ዮኮያማ ከኦርኬስትራው ፊት ተቀመጡ። ዓለም ያወቀው በዚህ ነው። በዚያ ሥራ ግን ሁለቱን ሙዚቃዎች ለማዋሃድ አልሞከረም፤ ልዩነታቸውን አጉልቶ ጎን ለጎን አቆማቸው። ኦርኬስትራው ይናገራል፣ ዝም ይላል፤ ቢዋና ሻኩሃቺም በተራቸው ለረጅም ጊዜ ብቻቸውን ይነጋገራሉ። ሐቀኛ ሥራ ነው፤ ጥያቄውን ግን ክፍት አድርጎ ትቶታል። በ1972 ለኦቦና ለሾ በጻፈው «ዲስታንስ» ሾ ተጫዋቹን ከኦቦው በስተኋላ ራቅ አድርጎ አስቀመጠው። የሚቀጥለው ዓመት ሥራ ፍሬ እዚህ ነበር።

የወሰናቸው ውሳኔዎች

የመጀመሪያው ውሳኔ የመሣሪያውን ወሰን መቀበል ነው። የጋጋኩ መሣሪያዎች የሚቃኙት መነሻ ድምፁ በሰከንድ 430 ንዝረት እንዲሆን ተደርጎ ሲሆን፣ የምዕራባውያን ኦርኬስትራዎች በአብዛኛው 440 እና ከዚያ በላይ ይጠቀማሉ። ሾ ደግሞ ከ15ቱ ድምፆቹ ሌላ ሊሰጥ አይችልም፤ ደራሲው ቢለምነውም ቢያስገድደውም የሌለውን ድምፅ አያወጣም። በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ 12ቱን ድምፆች በእኩልነት መጠቀም የዘመናዊነት ምልክት በነበረበት ጊዜ፣ ይህ ለብዙ ደራሲ እስር ቤት ይመስላል። ታኬሚትሱ ግን በጥንታዊዎቹ ቅኝቶች ውስጥ ሆኖ ጻፈ። አድማጩ «ሹቴይጋ»ን ሲሰማ እንግዳ ነገር እንደ ሰማ አይሰማውም፤ አዲሱ ነገር የሚገባው ቆየት ብሎ ነው።

ሁለተኛው ውሳኔ ከሁሉም የሚልቀው ይመስለኛል። በልማዱ የጋጋኩ ቡድን አንድ ነው፤ ሁሉም አብሮ ተቀምጦ አንድ ዜማ በየራሱ መልክ ይዞ ይሄዳል። ታኬሚትሱ ቡድኑን ለሁለት ከፈለው። ከፊት ያለውን «ሹቴይ»፣ ማለትም የመፀው አትክልት ሥፍራ አለው፤ ሁለተኛውን «ኮዳማ» ብሎ ከኋላ ራቅ አድርጎ አስቀመጠው። ኮዳማ በጃፓንኛ የዛፍ መንፈስም ነው፣ የሚመለስ ድምፅም ነው። እኛ ይህንኑ ነገር «የገደል ማሚቶ» እንላለን፤ ለእኛ ድምፃችንን የሚመልስልን ገደል ነው፣ ለእነሱ ግን ዛፍ ነው። በ1962 ሾን እንደ ዛፍ የሰማው ሰው ከ11 ዓመት በኋላ ዛፎቹን መድረክ ላይ ተከላቸው ማለት ይቻላል። ከፊት የተነሣ ድምፅ ከኋላ ሲመለስ እንደ ነበረ አይመለስም፤ ዘግይቶ፣ ደብዝዞ፣ አንዳንዴም ጥያቄውን ሳይሆን ሌላ ነገር ይዞ ይመጣል። ጋጋኩ ቀድሞም ቀርፋፋ ነው፤ አሁን ዝምታው ራሱ ቦታ አገኘ። አድማጩ የሙዚቃውን ርዝመት ብቻ ሳይሆን የአዳራሹን ጥልቀትም ይሰማል።

ሦስተኛው ውሳኔ የሚታየው ለባለሙያ ነው። በልማዱ ከቻይና የመጣው የግራ ሙዚቃና ከኮሪያ የመጣው የቀኝ ሙዚቃ የየራሳቸው ዋሽንት አላቸው፤ ሪዩቴኪ የመጀመሪያው፣ አነስ ብሎ የሚቀጥነው ኮማቡዌ የሁለተኛው ነው። ታኬሚትሱ ሁለቱንም በአንድ ሥራ ውስጥ አስገባ። ለሺህ ዓመት በር ለበር ኖረው በአንድ ማዕድ ያልተቀመጡ ጎረቤቶች ማለት ናቸው።

ከ17 ወደ 29

በ1973 የቀረበው ሥራ ከሩብ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ታኬሚትሱ ግን አልተወውም። በ1979 ከፊቱ ሦስት፣ ከኋላው ሁለት ክፍሎች ጨምሮለት ስድስት ክፍል ያለው፣ ወደ 50 ደቂቃ የሚጠጋና 29 ተጫዋቾች የሚያስፈልጉት ሥራ ሆነ። ኮዳማዎቹም ከአንድ ወደ ሦስት በዙ። የሙሉው ሥራ ስም «ሹቴይጋ ኢቺጉ» ነው፤ «ኢቺጉ» በጋጋኩ ሰዎች ዘንድ ክፍሎቹ ሳይቆረጡ በሙሉ የሚቀርቡበትን አጨዋወት የሚገልጽ የቆየ ቃል ነው። ቃሉን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሙያው ነው የወሰደው።

የክፍሎቹም ስሞች እንደዚሁ ናቸው። የመጀመሪያው «ማይሪዮንጆ» ይባላል፤ በጥንቱ ሥርዓት ተጫዋቾች ሲገቡ የሚሰማ ሙዚቃ ነው። የመጨረሻው «ማካዴዮንጆ» ሲወጡ የሚሰማው ነው። ሦስተኛው «ኤንባይ» ነው፤ ፊደሎቹ በጥሬው ጨውና ፕሪም ማለት ሲሆኑ፣ በወጥ ቤት የጣዕም ልክን፣ በጋጋኩ ደግሞ ሂቺሪኪው ከአንድ ድምፅ ወደ ሌላው በከንፈሩ ኃይል እየተንሸራተተ የሚያልፍበትን ጥበብ ያመለክታሉ። ኤንባይ በልማዱ የዜማ ማጣፈጫ ነው፤ ታኬሚትሱ ግን ማጣፈጫውን አንሥቶ የክፍሉ ዋና ጉዳይ አደረገው። መንሸራተቱ ራሱ ዜማ ሆነ። ጋጋኩን ከውጭ የሚያይ ሰው ዜማውን ይቀዳል፤ ከውስጥ የሰማው ግን ኖታ ላይ የማይጻፈውን ነገር ለይቶ ያወጣል፤ ለዚህ ከኤንባይ የተሻለ ማስረጃ የለኝም።

አራተኛው ክፍል የ1973ቱ «ሹቴይጋ» ሳይለወጥ የተቀመጠበት ነው። ሙሉውን ሥራ ሲያዳምጡ በስድስቱ መካከል እንደ አሮጌ ዛፍ ቆሞ ይታያል፤ ሌሎቹ በዙሪያው የተተከሉ ናቸው።

ውጤቱ እንዴት ይመዘን?

በዚያው ቴአትር ከታኬሚትሱ በኋላ የታዘዘው ጀርመናዊው ካርልሃይንዝ ስቶክሃውዘን ነበር። በ1977 ለጋጋኩ ሙዚቀኞችና ለተወዛዋዦች የጻፈው ሥራ በኋላ «ሊኽት» ለተባለው የኦፔራ ሰንሰለቱ መነሻ ሆነ። ጋጋኩ ለስቶክሃውዘን ወደ ራሱ ዓለም የሚያሻግር ድልድይ ሆነለት፤ ይህ ለደራሲው መልካም ነው። የታኬሚትሱ ግን ተመልሶ ለጋጋኩ ቀረ። ሱኬያሱ ሺባ ከናራ የሙዚቃ ቤተሰብ የተወለደና በቤተ መንግሥት ሙዚቀኛነት ያገለገለ የሪዩቴኪ ተጫዋች ነበር፤ በ1984 ከቤተ መንግሥቱ ወጥቶ በ1985 «ሬይጋኩሻ» የተባለውን ቡድን መሠረተ። ይህ ቡድን «ሹቴይጋ ኢቺጉ»ን ደጋግሞ አቅርቦታል፣ ቀድቶታልም። አንድ ዘመናዊ ሥራ ለአንድ ዝግጅት ተጽፎ መደርደሪያ ላይ እንዳይቀር የሚያደርገው ተጫዋቾቹ የራሳቸው አድርገው መውሰዳቸው ነው፤ እዚህ ላይ ያ ሆኗል።

ጉድለት የለውም ማለት ግን አይደለም። ጋጋኩ ሙዚቃ ብቻ ሳይሆን ውዝዋዜም ነው፤ ታኬሚትሱ ውዝዋዜውን ትቶታል። በጥንቱ ሙዚቃ ውስጥ ያለው ጽኑ የአካሄድ ምት፣ ከበሮው በየዙሩ የሚያትመው ማኅተም፣ በእሱ ሥራ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይሟሟል፤ ይህ ጋጋኩ ሳይሆን በጋጋኩ መሣሪያ የተጻፈ የታኬሚትሱ ሙዚቃ ነው የሚል ሰው መነሻ አለው። እኔ ግን ክርክሩ የተጫዋቾቹን ትንፋሽ የረሳ ይመስለኛል። ሾ ተጫዋቹ በልማዱ እንደሚያደርገው አየር እየሳበና እየተነፈሰ ኅብረ ድምፁን ያሳብጣል፣ ያሳሳል፤ ካኮ መቺው ጓደኞቹን እያዳመጠ ይጠብቃል፤ ማንም ማንንም በዱላ አይመራም። ምቱ ቢላላም አብሮ መተንፈሱ አልላላም።

ከባዱ ችግር ሌላ ነው። 29 የሠለጠኑ የጋጋኩ ተጫዋቾች በአንድ መድረክ ማሰባሰብ በጃፓንም ቀላል አይደለም፤ ከጃፓን ውጭ ደግሞ መሣሪያዎቹም ሰዎቹም እጅግ ጥቂት ናቸው። ስለዚህ አብዛኛው የዓለም አድማጭ ታኬሚትሱን የሚያውቀው በኦርኬስትራ ሥራዎቹ ነው፤ ከሥራዎቹ ሁሉ ወደ ጃፓን ጥንታዊ ድምፅ እጅግ የቀረበው በቅጂ ካልሆነ በቀር አይደርሰውም። በቅጂ ሲሰማ ደግሞ ከፊትና ከኋላ ያለው ርቀት፣ ማለትም የሥራው ግማሽ አካል፣ በሁለት ድምፅ ማጉያ መካከል ተጨምቆ ይቀርባል።

ታኬሚትሱ በ1996 የካቲት ወር አረፈ። ከዚያ ከአራት ዓመት በፊት፣ በ1992 ማትሱሞቶ ከተማ ለተጀመረው የሳይቶ ኪነን ፌስቲቫል «ሴሬሞኒያል» የተባለ አጭር ሥራ ጽፎ ነበር፤ ለኦርኬስትራና ለአንድ ሾ ነው፣ ንዑስ ርእሱም እንደገና መፀውን ይጠራል። የሾ ተጫዋቿ ማዩሚ ሚያታ መሣሪያዋን ይዛ ትቀመጣለች፤ ሥራው ሲጀመር የምትጫወተው ብቻዋን ነው፣ ኦርኬስትራው ይገባል፣ ይናገራል፣ ይመለሳል፤ መጨረሻም ላይ የሚቀረው የእሷ ሾ ብቻ ነው።